ኮፈኑ ሥር

ሙበራ የታህሲንን በር በቡጢ ትደበድባለች። ዓመት ሙሉ በዚህ በር ስታልፍ አንገቷን ስታዞር ኖራ፣ ዛሬ ኩራቷን እቤቷ ጥላው መጥታለች። በረዶው ሦስት ቀን ሳያባራ ጥሎ የኡስኩዳር ሰፈርን ዳገት ከላይ እስከ ታች ቀብሮታል። የወጣችው በቤት ጫማ ነው፤ ካልሲዋ ርሶ እግሯ ላይ ተጣብቋል።

ታህሲን ፒጃማው ላይ ሹራብ ደርቦ ከፈተ።

«ሳብሪ» አለችው፤ ትንፋሽ አጠራት። «ከሰኞ ወዲህ ኩላሊቱ አልታጠበም። ትናንት መንገድ የለም ተባልን። አሁን መተንፈስ እያቃተው ነው። አምቡላንሱም ዳገቱን መውጣት አልቻልኩም ብሏል።»

ሌላም ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፤ የልመናም፣ የይቅርታም። እሱ ግን ቁልፉን ከግድግዳው ላይ እያነሳ ነው። «ያልብሱት፣ እትዬ። የመኪናው ጎማ ለበረዶው ሰንሰለት ታስሮለታል።»

ባለሱቁ ኔጃቲ በረዶ የሚዝቅበትን አካፋ ጥሎ መጣ። ሁለቱ ወንዶች ባሏን ሳብሪን ግራና ቀኝ ይዘው ደረጃውን አወረዱት። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ስላለው ሙበራ በሁለት ካልሲና በፌስታል ጠቅልላዋለች።

«ጋሽ ሳብሪ፣ እንደ ሙሽራ ተደግፈው ወጡ እኮ» አለ ኔጃቲ።

ሳብሪ ሊስቅ ሞከረ። ከደረቱ የወጣው ግን ውሃ ውስጥ የሚንተከተክ የመሰለ ድምፅ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው በሩን ዘጉለት።

ታህሲን የፊት መስታወቱን በክንዱ ጠረገና ኮፈኑን ሁለት ጊዜ ደለቀው። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰለት።

ሦስቱም ባሉበት ቆሙ። ደግሞ ደለቀ። ደግሞ ጮኸች።

ሙበራ ድምፁን ታውቀዋለች። ቦንጁክ ናት፤ ቡላዋ ድመት፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደው። እናቷ ጥላት ስትሄድ በጡጦ ያሳደገቻት ራሷ ሙበራ ናት። በሙቀቱ ወራት ሳብሪ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ጭኑን ለማንም አትለቅም።

ታህሲን ኮፈኑን ከፈተው። ከሞተሩና ከሚሽከረከረው ቺንጋ መሃል የጅራቷ ጫፍ ብቻ ይታያል። እጁን ሲሰድ ይበልጥ ወደ ውስጥ ተሸጎጠች። ኔጃቲ ከሱቁ ዓሣ አምጥቶ አሸተታት፤ ለመናት፤ ሰደባት። አልወጣችም።

ሙበራ የኋላውን መስኮት ታያለች። የሳብሪ ግንባር መስታወቱ ላይ ተደግፏል። በተነፈሰ ቁጥር መስታወቱ ላይ እንፋሎት ይታይና ይጠፋል። መጀመሪያ መዳፍ ያህል ነበር። አሁን ከብርጭቆ አፍ አይበልጥም።

«አስነሳው» አለች።

ታህሲን ቀና አለ። «ምን አሉኝ?»

«አስነሳው አልኩህ። ድመት ናት።»

ኔጃቲ የገዛ ቦት ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ቺንጋው ላይ እኮ ነው ያለችው፣ እትዬ። ቁልፉን ባዞርኩት…»

«የት እንዳለች አውቃለሁ። ባሌ እየሞተብኝ ነው። ደግሞ አንተ መቼ ነው ለድመት ማዘን የጀመርከው? የማስቀምጥላቸውን ምግብ ከነሳህኑ በእርግጫ ስትበትን አልነበር?»

ታህሲን ጥቀርሻ የነካውን እጁን ሹራቡ ላይ ጠረገ። «አምና በብርዱ ጊዜ ኮፈኑን ሳላንኳኳ አስነሳሁ» አለ፣ ፊቷን ሳያይ። «ግራጫዋን። እርስዎ ጠፋች ብለው ሰፈሩን ሁሉ ሲያስሱ የቀበርኳት እኔ ነኝ። ሳህኑን የበተንኩት መኪናው ጋ እንዳይሰበሰቡ ብዬ ነው።» ጎንበስ አለና «አንድ ደቂቃ ይስጡኝ። ከዚያ እንዳሉኝ አደርጋለሁ» አለ።

መልሷን አልጠበቀም። በረዶው ላይ በጀርባው ተኝቶ እስከ ወገቡ ከመኪናው ሥር ገባ።

ሙበራ መስኮቱን ታያለች። እንፋሎቱ መጣ። ጠፋ። መጣ። ጠፋና ቆየ። በሩን በርግዳ ገብታ ሳብሪን ወደ ራሷ ሳበችው፤ ደረቱ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ከእጇ ሥር የሆነ ነገር በዝግታ ከፍ አለ። ከታች ብረት ይንኳኳል፣ ታህሲን እያቃሰተ ያባብላል። ከዚያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ተሰማ፤ «ያዝኳት» አለ ታህሲን። ከመኪናው ሥር ሲወጣ ክንዱ እስከ ክርኑ ተቦጭሮ ይደማል። ድመቷን በረዶው ላይ ለቀቃትና መሪው ጋ ገባ።

ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ኔጃቲ ከኋላ ገፋ፤ ሰንሰለቱ በረዶውን ቆነጠጠ፤ መኪናው እየተንፏቀቀ ቁልቁለቱን ያዘ። ከታች የባሕሩ ዳር መንገድ ተጠርጎ ጥቁር አስፋልቱ ይታያል፤ አንድ አውቶቡስ ያልፍበታል።

«አሥር ደቂቃ» አለ ታህሲን። ከክንዱ የሚወርደው ደም ማርሹ ላይ ይንጠባጠባል።

ሳብሪ ጭንቅላቱን ከትከሻዋ ሳያነሳ «ወጣች?» አለ።

«ወጣች።»

ጣቶቹ ጣቶቿን ፈልገው ያዙ። መስታወቱ ስስ ነው፤ እሱ ደግሞ በሕይወቱ ጆሮው ደክሞ አያውቅም። የሰማው ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

መታጠፊያው ላይ ሳይደርሱ ዞር ብላ አየች። መንገዱ ነጭ ብቻ ነው፤ መኪናው ቆሞበት የነበረው ቦታ ብቻ በረዶ ሳይነካው እንደ ምንጣፍ ጠቁሮ ይታያል። ቦንጁክ መሃሉ ላይ ቁጭ ብላለች። ጸጉሯን አትልስም፤ የሚሄደውን መኪና ነው የምታየው።

ሙበራ ፊቷን ወደፊት መለሰች።