የዓርብ አጎት

ኤልዳድ ዘጠነኛ ክፍል በገባበት ዓመት ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ካዛንቺስ ያለውን ፕሌይስቴሽን ቤት አብልጦ ያውቅ ነበር። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ ይታያል፣ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ አጥር ዘሎ ይጠፋል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከስልሳ ሁለት ተማሪ ሃምሳ ስምንተኛ ወጣ። ከበታቹ ከነበሩት አራት ልጆች ሁለቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትምህርት ቤት ከቀየሩ ሰንብተዋል።

ዳይሬክተሩ አቶ ለተገብርኤል አስጠሩት። ብዙ አልተናገሩም። እስከ ዓርብ ወላጅ ካላመጣ ስሙ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ነግረውት ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

እናቱ ወይዘሮ ሙሉነሽ ባምቢስ አካባቢ የልጆች ልብስ ይሸጣሉ። አምና ተጠርተው መጥተው ሰው ፊት አልቅሰው ነበር። ያን ቀን አንድ ነገር ተናገሩ፤ ዳግመኛ ከተጠሩ ኤልዳድ ትምህርቱን ትቶ ቡታጅራ አጎቱ ገብረአምላክ ጋ ይሄዳል፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ ሳሙና ይቸረችራል። ወይዘሮ ሙሉነሽ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ኤልዳድም ትምህርት አይውደድ እንጂ አዲስ አበባን ይወዳል። የእናቱ እንባ ደግሞ ትዝ ባለው ቁጥር ያሳፍረዋል።

መፍትሔውን የነገረው ጀሚል ነው። ጀሚል አምና የፕሌይስቴሽን ቤቱ ንጉሥ ነበር፤ ዘንድሮ ምን እንደነካው ሳይታወቅ ከቤተ መጻሕፍት የማይወጣ ልጅ ሆኗል።

"ምን ያስጨንቅሃል አቦ? ጋሽ ዲሪባ አለ አይደል? በቃ፣ አጎቴ ነው ትላለህ። እኔንም እሱ ነው ያወጣኝ።"

ዲሪባ የቤት ደላላ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ኤልዳድ እየተንተባተበ ጉዳዩን ሲነግረው እንደ ተራ ነገር ሰማው።

"ከተማሪ ብር አልቀበልም" አለ። "መያዣ ግን እፈልጋለሁ። ጌምህን ያስቀመጥክባትን ካርድ አምጣ።"

ኤልዳድ ክው አለ። ያቺ ሚሞሪ ካርድ የሁለት ዓመት ልፋቱ ናት፤ ቡድኑም ዋንጫዎቹም ያሉት እሷ ላይ ነው። ግን ቡታጅራን አሰበና ሰጠ።

ዓርብ ጠዋት ዲሪባ ኮትና ክራቫት አድርጎ መጣ። ዘበኛው የሌላውን ወላጅ ሁሉ መታወቂያ ይቀበላል፤ ዲሪባን ግን ዝም ብሎ አሳለፈው። ኤልዳድ የክራቫቱ ኃይል ነው ብሎ ገመተ። ዲሪባ ደረጃውን ወጣ፣ በስተግራ ታጠፈ፣ የዳይሬክተሩን በር አንኳኳ። መንገድ ሊያሳየው ያሰበው ኤልዳድ ከኋላ እየሮጠ ደረሰ።

አቶ ለተገብርኤል ለእንግዳው ሻይ ያለ ስኳር አዘዙ። ዲሪባ የእናቱ ወንድም ገብረአምላክ ነኝ አለና ስለ ልጁ ሟች አባት ማንም ያልነገረውን ሁሉ ተናገረ። መሐል ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኤልዳድ ውሸት መሆኑን እያወቀ ሆዱ ባባ።

"መልካም" አሉ አቶ ለተገብርኤል። "እንግዲያው በየሳምንቱ ዓርብ እየመጡ፣ ደብተሩን እያዩ ይፈርሙልኛል።"

የአንድ ቀን ውሸት የመንፈቅ ሆነ። ኤልዳድ በሆዱ አለቀልኝ አለ። ዲሪባ ግን ደስ ይለኛል ብሎ ሻዩን ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት መልስ ኤልዳድ ድንጋዩ ላይ ከዲሪባ ጎን ይቀመጥ ጀመር።

"ሳይገባኝ አልፈርምም" ይላል ዲሪባ። "ማለቴ፣ ነገ ቢጠይቁኝ ምን ልበል? አንተም ቡታጅራ ነህ፣ እኔም ጉድ ነኝ።"

የፊዚክሱን ደብተር ገልጦ አስረዳኝ ይላል። ኤልዳድ ያስረዳል። አልገባኝም፣ እንደገና ይላል። አንድ ቀን ስለ ፍጥነት ሊያስረዳው ከካዛንቺስ ወሎ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ በምናቡ አራት ጊዜ አስነስቶ አራት ጊዜ አቆመ። ለማስረዳት መጀመሪያ ለራሱ ሊገባው ግድ ነበር፤ እንዲገባው ደግሞ ክፍል መገኘት ነበረበት። ሳይወድ በግዱ የፊት ወንበር ያዘ። ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ቀን ዲሪባ ይህን ይዤ ዳይሬክተሩ ፊት አልቀርብም እያለ ያንገራግራል፣ ኤልዳድ እንቅልፍ ያጣል። መቼ ይሆን የምንያዘው እያለ በየዓርቡ ልቡ ይመታል።

በሁለተኛው ሴሚስተር አምስተኛ ወጣ።

በወላጆች ቀን ውጤቱን በእጅጉ ያሻሻለ ተማሪ ተብሎ ተሸለመ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ተቀምጠዋል። ኤልዳድ ሽልማቱን ይዞ ዞር ሲል ዲሪባን ከነክራቫቱ ከእናቱ ጀርባ አየው። አቶ ለተገብርኤልም ወደዚያው እየሄዱ ነበር። እናቱ ፊት ቆሙ፤ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ዲሪባን ተመለከቱ።

"ቤተሰብ ሲከታተል እንዲህ ነው" አሉና አለፉ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ለእሳቸው የተባለ መስሏቸው አለቀሱ፤ ዘንድሮስ በደስታ ነው። ኤልዳድ ትንፋሹ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱን በሙሉ መንፈቅ ሙሉ ማታለሉን እያሰበ በኩራት ከእናቱ ጋር ወደ ቤት ሄደ። ካርዷ ትዝ ያለችው ባምቢስ ሲደርስ ነው። ተመልሶ ሊጠይቅ አሰበና ተወው።

ሰዉ ሲበተን ዲሪባ ደረጃውን ወጥቶ፣ በስተግራ ታጥፎ ገባና ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። አቶ ለተገብርኤል መሳቢያቸውን ከፍተው ከጀሚል ካርድ ጎን፣ ከሌሎቹ ዘጠኝ ጋር አስቀመጧትና ጠየቁት፦

"ስማ ዲሪባ፣ ለመስከረም ስንት የእህት ልጅ ትችላለህ?"