ዓሣ በሣር ላይ

ሀምዱ ሣር ላይ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ውበቱ ግን አልሳቀም።

ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ሲመለመሉ የሀምዱን አንድያ ልጅ ጠሃን ያስመዘገበው እሱ ነው። ሀምዱ እግሩ ላይ ወድቆ «አንዱን ልጄን ተውልኝ» ቢለው፣ «የኔውስ ጥሩሰው አብሮ አይደል የሚዘምተው?» ብሎ መለሰው። ሊተውለት ይችል ነበር። ይችል እንደነበረም ያውቃል፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ በሀምዱ ደጅ ባለፈ ቁጥር ፊቱን የሚያዞርበት ይጠፋዋል።

አንድ ጠዋት ግን ቆመ። ሀምዱ ድሮ አንድ ፈረንጅ ሰጥቶት የሄደውን ረጅም የዓሣ ዘንግ ይዞ ጤዛው ላይ ነበር። ክሩ ጫፍ ላይ በመንጠቆ ፈንታ ብጣሽ ጨርቅ አስሯል። ዘንጉን ቀስ አድርጎ ወደ ጆሮው ያነሳና ድንገት ወደ ፊት ይሰብቀዋል፤ ክሩ እየተንከባለለ ሣሩ ላይ ይዘረጋል። አንዳንዴም እግሩ ላይ ይተበተባል።

«ሣር ውስጥ ምን ልታወጣ ነው ሀምዱ፣ አንበጣ?»

«እጄን ላፍታታ ብዬ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ወደ ኋላ አያስወረውርም። ክሩን እንዲህ አንከባልለህ ካልሰደድከው እሾህ ላይ ይቀራል።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዓሣ የምትበላው? ሽታው ያጥወለውለኛል ስትል አልነበር?»

«እንግዳ አለብኝ።»

«ታዲያ ዶሮ አታርድም?»

«ዓሣ ይሻላል። ያራጅ ጣጣ የለበትም፣ ሁሉም ይበላዋል» አለና ሀምዱ ክሩን መጠቅለል ጀመረ።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሀምዱ ብቻውን ነው። ቤቱ እንግዳ ሲገባም ሲወጣም ያየ የለም። የጓዳው መስኮት በጠራራ ፀሐይ ተዘግቶ ይውላል። ነገሩ ለውበቱ ወለል አለለት፤ ጠሃ ከግንባር ጠፍቶ መጥቷል!

መጀመሪያ ደስ አለው። «እሰይ፣ ተርፏል» አለ በሆዱ። ደስታው ግን ቤቱ እስኪደርስ እንኳ አልቆየም። የከዳ ወታደር ይረሸናል፤ አውቆ ዝም ያለ ሊቀመንበርም አይተርፍም። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ አለው። «አንዴ በድዬዋለሁ፣ ሁለተኛስ አልበድለውም» ይላል። ተመልሶ ደግሞ «የኔ ልጅ እዚያ ጥይት እየቆላው የሱ እዚህ ዓሣ ይብላ?» ይላል። በመጨረሻ ፍርሃቱ አሸነፈው። ወረዳ ሄዶ ተናገረ።

ወታደሮቹን እየመራ ሲመጣ ሀምዱ ሣሩ ላይ ነበር። ዘንጉን ጥሎ ሮጠና የውበቱን ጉልበት ያዘ።

«በአላህ ይዤሃለሁ ውቤ! ምንም እንዳልሰማህ ሁን። መልሳቸው!»

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ሕግ ነው» አለ ውበቱ። «ይቅር በለኝ። ልጅህን...»

«ልጄማ እዚያው ቀርቷል» አለ ሀምዱ።

የጓዳው በር ተገንጥሎ ወደቀ፤ ወታደሮቹ የፊጥኝ አስረው እየጎተቱ ያወጡት ልጅ ውበቱን ሲያይ «አባዬ» አለ።