ቀዩን ማን አጠፋው

«ይኼን ሥዕል ማን ነው ያበላሸው?» አለች ሀውራ፣ ከሰላምታም በፊት።

በአጎቷ ልጅ በኢምራን ብረታ ብረት ቤት በር ላይ የተሰቀለው የባነር ሥዕል የእሷ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅራ የሠራችው። ጉድጓድ ቆፋሪ በገመድ ሲወርድ የሚንጠለጠልበትን፣ ኢምራን የሚሠራውን መንጠቆ በሥዕሉ ላይ ሺህ ቦታ ከፋፍላ፣ ወፍራሙ ላሜራ በፕሬስ ማሽን ተጭኖ ሲታጠፍ የቱ ጋ ምን ያህል እንደሚለጠጥ አስልታ ነበር። የመታጠፊያው ጀርባ ቀይ ሆኖ ወጣ። ቀይ ማለት ይሰነጠቃል ማለት ነው። ይህንኑ ለኢምራን በአፏም በወረቀትም ነግራዋለች።

ባነሩ ላይ ግን መንጠቆው ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ በትልልቁ «በኮምፒውተር የተፈተነ» ይላል።

«አብሽሪ እህቴ፣» አለ ኢምራን እየሳቀ። ከጅዳ ከተመለሰ ወዲህ ሁሉንም ነገር በሳቅ ነው የሚያልፈው። «ቀይ ሰው ያስፈራል። ማተሚያ ቤት ያሉትን ቀለሙን ቀይሩልኝ አልኳቸው፣ ቀየሩት። አያምርም?»

«ቀለም መሰለህ እንዴ የቀየርከው? ውጤቱን እኮ ነው! ብረቱን ሳታግል አትጠፈው፣ ወይም አፉ ክብ የሆነ ማጠፊያ አስቆርጥ አላልኩህም?»

«ማጠፊያ ማስቆረጥ ስንት ወር እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ? ደሞ ወላሂ እስካሁን አንድም አልተሰበረ።»

«እስካሁን!» ደሟ ፈላ።

ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ የተቀመጡት አዛውንት ቀና አሉ። ዘይኑልአቢዲን ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው። አዲስ መንጠቆ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል።

«አንቺ ነሽ የፈተንሽው ልጄ? አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። በድሮው እየፈራሁ ነበር የምወርድ። ኮምፒውተር ያየው መጣ ቢሉኝ ከውጫሌ ድረስ መጣሁ። ነገ አሥራ ስምንት ሜትር እወርድበታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ከኢምራን ሳቅ ይልቅ የሳቸው ምርቃት አንገበገባት። በስሟ ሊቀበሩ ነው።

«አባባ፣ እስቲ ይስጡኝ።»

ጥግ ካለው ጄሪካን ነጭ ጋዝ ቀድታ መታጠፊያው ላይ አፈሰሰች። ኢምራን «ልታጥቢው ነው?» ብሎ አሾፈ። «ስንጥቅ ካለው ጋዙ ይገባበታል፤ ጠመኔ መልሶ ያወጣዋል፣» አለች። ጋዙ እስኪሰርግ ጠበቀች። ከዚያ በጨርቅ ወልውላ አደረቀችውና፣ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ጠመኔ አድቅቃ በላዩ ነሰነሰችበት። ብረቱ ዱቄት የነካው እጅ መሰለ።

ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ምንም የለም። ኢምራን ሊስቅ አፉን ከፈተ።

ያኔ፣ ቀዩ በነበረበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን እርጥብ መስመር ወጣ።

«በደንብ አልጠረግሽውም፣» አለ ኢምራን። ነጠቃትና በሸሚዙ እጅጌ ፈተገው፤ ጠመኔውንም ራሱ ነሰነሰ። ሳቁ የት እንደገባ አልታወቀም።

አዛውንቱ ባነሩን አዩ፤ ከዚያ መንጠቆውን። መስመሩ ቀስ እያለ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ወጣ።