የእንጨቱ ልክ

የአፋርን ምድር ለሁለት እየከፈለ ያለውን ስንጥቅ ለመለካት በየዓመቱ ጥር ላይ እመጣለሁ። ለመለኪያ ብረት በተከልኩበት ቦታ አንድ ሽማግሌ ግመላቸውን ይዘው ሁልጊዜ ይጠብቁኛል።

«ዘንድሮስ ስንት ሰፋ?»

«ሁለት ሴንቲ ሜትር።»

ፊታቸው ይበራል። ከሽርጣቸው እጥፋት ስንዝር የምታህል እንጨት አውጥተው በስንጥቁ አፍ ላይ ያጋድሟታል። ሁለቱም ጫፎቿ አለቱ ላይ ሲያርፉ ያዩና መልሰው ይሸጉጧታል። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረጉ።

ዘንድሮ አላስቻለኝም።

«አባቴ፣ መሬት ሲሰነጠቅ ሰው ይሰጋል እንጂ ደስ ይለዋል እንዴ?»

«መጀመሪያ የተሰነጠቀ ቀን ልጄ ሞሚና ገባችበት» አሉኝ። «ስድስት ዓመቷ ነበር። ድምፅዋ እስከ ማታ ይሰማኝ ነበር። በጎኔ ልወርድ ብሞክር ደረቴ አላልፍ አለ። ይቺን እንጨት በደረቴ ልክ የቆረጥኳት ያን ቀን ነው።»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው እንጨቷን ስንጥቁ ላይ አጋደሟት።

ሾልካ ገባች።

ከአለት አለት እየተጋጨች ስትወርድ ድምፅዋ እስኪጠፋ አዳመጡ። ከዚያም ተነሥተው ከግመላቸው ጭነት ላይ ረጅም ጥቅል ገመድ መፍታት ጀመሩ።