ድምፅ ብቻ

ኻሊድ ስክሪኑን በአውራ ጣቱ ይነካል፤ ይጠብቃል። ምንም የለም። ደግሞ ይነካል። ቆይቶ፣ ሁለቱም ንክኪ ባንዴ የደረሰው ይመስል፣ ስልኩ ያላዘዙትን ነገር ከፍቶ ድርቅ ይላል።

«እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» ትላለች ዘመናይ። «ሲደወልልኝ እንኳ ይጮኻል እንጂ አልነሣ ይለኛል።»

ከአምበር ደብረ ማርቆስ ድረስ በሚኒባስ ሰው ላይ ተደራርባ ነው የመጣችው። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የኻሊድ የስልክ ጥገና ሱቅ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ነጠላዋ በካፊያው ረጥቧል። ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው ልጇ ፍቅርአዲስ ዛሬ ከሰዓት፣ አሠሪዋ ወጣ ስትልላት፣ ትደውላለች። ይሄንን ስልክ ገዝታ የላከችውም እሷው ናት፤ ርካሽ ቢሆንም ያኔ አዲስ ነበር። አሁን ግን ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ዘመናይ የልጇን ድምፅ ትሰማለች እንጂ መልኳን አላየችም። «ስልክሽ ነው እማዬ፣ አርጅቶ ነው» ትላታለች ፍቅርአዲስ በደወለች ቁጥር።

የኻሊድ ዐይን ቀልቷል። መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ትናንት ስለመጣ የሰው ሁሉ ሥራ ባንዴ ተከምሮበታል። ቢሆንም ስልኩን አልወረወረባትም።

«ሜሞሪው ጢም ብሏል፣ እናቴ። ስታክ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቪዲዮ?»

«የምን ቪዲዮ?»

ያሳያታል። የማታውቀው ሰው ሠርግ። የማታውቀው ሰው ቀብር። ስብከት፣ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ፣ ሁለት በሬ ሲዋጋ። የዕድሩ ሰዎች በግሩፕ የተላላኩት ሁሉ ስልኳ ላይ ተከማችቷል።

«እኔ ይሄን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁት» ትላለች፣ እንደ ተከሰሰ ሰው።

«እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ራሱ ነው የሚያወርደው። ላጥፋው?»

«አጥፋልኝ። የልጄን ፎቶ ብቻ እንዳትነካብኝ።»

ያጠፋል። የማትጠቀምባቸውን አፖች ይነቅላል፤ ሳይታዘዝ እንዳያወርድ ይዘጋዋል፤ ስልኩን አጥፍቶ ያበራዋል። ዘመናይ ግድግዳውን ተደግፋ ዐይኗን ትጨፍናለች።

«እስቲ ይሞክሩት» ይላል ኻሊድ፤ ከራሱ ስልክ በቪዲዮ ይደውልላታል። ጣቷን ገና ስታሳርፍ ይነሣል። የኻሊድ ፊት ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ጺሙ ውስጥ ጣል ጣል ያለው ሽበት ሳይቀር ይታያል።

«አቤት! ምነው እንዲህ ጥርት አለ?»

«ምንም አልሆነም እኮ፤ ሸክም በዝቶበት ነው።»

ልትነሣ ነጠላዋን ስትሰበስብ ስልኩ ይጠራል። ፍቅርአዲስ ናት፤ በቪዲዮ ነው።

«እማዬ!» ድምፁ ከጓዳ የምትጣራ ያህል ቀርቧል። ስታነሣው ግን ጣቷ ትንሹን መስኮት ነክቶ አገላብጦት ኖሮ ስክሪኑን የሞላው የዘመናይ የራሷ ፊት ነው፤ ጥጉ ላይ ልጇ ልትታይበት የሚገባው ትንሽ መስኮት ጥቁር ነው።

«አትታይኝም እኮ፣ ልጄ።»

«ስልክሽ ነው እማዬ። አስጠግኚው አላልሁሽም?»

ዘመናይ ቀና ብላ ኻሊድን ታየዋለች። ኻሊድ የስክሪን መጥረጊያውን ጨርቅ እያጣጠፈ ወደ መንገዱ ያያል። አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ ያልፋል።

እሺ ብላ መዝጋት ትችላለች። እስከ ዛሬም እሺ ስትል ነው የከረመችው። ደክሟታል።

«አሠርቼዋለሁ» ትላለች ቀስ ብላ። «ማርቆስ ነው ያለሁት፣ ሠሪው ዘንድ። የሰው ፊት አሁን አይቼበታለሁ። አንቺን ብቻ ነው ያላየሁ።»

ከወዲያ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ከዚያ ቧንቧው ይዘጋል።

«እማዬ…»

«አሳይኝ።»

«ድኗል እኮ። አሁን አያመኝም።»

«ምኑ?»

መስኮቱ ይበራል። መጀመሪያ ጣሪያ ይታያል፣ ቀጥሎ የወጥ ቤት ነጭ ግድግዳ፣ ከዚያ ፍቅርአዲስ። ከግራ ጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ያለው ቆዳ ተጨማዶ ያብለጨልጫል።

«ዘይት ነው» ትላለች። «መጥበሻው ተደፋብኝ። እንዳትደነግጪብኝ ብዬ ነው።»

ጠባሳው ትኩስ አይደለም። ደርቋል፤ ቆዳ ይዟል። ዘመናይ ቁስል ታውቃለች፤ ይሄ የሰሞኑ ነገር አይደለም። ልጇ ተቃጥላ፣ ተኝታ፣ ተነሥታ፣ ሰው አገር ብቻዋን ድናለች። እሷ ያን ጊዜ ሁሉ ስልኩን በመዳፏ እየመታች ስትረግም ነበር።

ስልኩን ወደ ፊቷ ታስጠጋለች።

«ማን አጠበልሽ?» ትላለች። «ቁስሉን… ማን ነበረ የሚያጥብልሽ?»

ፍቅርአዲስ ከንፈሯን ትነክሳለች።

ዘመናይ ልትዳብሳት ትፈልጋለች። ጣቷን ጥጉ ላይ ባለችው ትንሽ ጉንጭ ላይ ታሳርፋለች። ስልኩ አይዘገይም። ትንሹ መስኮት ወዲያው ይሰፋና የልጇ ፊት ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል።