የዲናሞው እርሾ

ረህማ ዲናሞውን መልሳ ከሞተሩ ጎን አሰረችና የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ውጥረቱን ፈተሸች። ሹፌሩ ክንዴ ከአጠገቧ ቆሞ እጇን እጇን ያያል። ሃያ ስምንት ዓመት የነዳው አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ዛሬ ካልዳነ አለቀለት።

ብረት ገዢው ሳሊም ከዳባት መጥቶ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። የጋዝ መቁረጫውንም ከጎኑ አስቀምጧል። መኪናው ዛሬም ባትሪ መሙላት ካቃተው ቆራርጦ ሊወስደው ከክንዴ ጋር ቃል ተገባብተዋል። መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ከቆመ ወዲህ ሞተሩ በውሰት ባትሪ ይነሳል እንጂ የራሱን አይሞላም። ጭጋግ ሲወርድ ያለ መብራት ሊማሊሞን መውረድ ደግሞ ሞትን ሄዶ መጥራት ነው። ሦስት ባለሙያዎች ዲናሞውን አይተው ሦስቱም "ጣለው" ብለውታል።

ክንዴ ደባርቅ የመጣው የረህማን አባት፣ መካኒኩን ባሽርን ብሎ ነበር። ማረፉን የሰማው ከጋራዡ በር ላይ ነው። "እኔ አለሁ፣ ጋሽ ክንዴ፤ አስገቡት" ስትለው ያስገባው ሌላ መሄጃ ስላጣ ነው።

"ልጄ፣ ተፈቷል፣ ታጥቧል፣ ካርቦኑም ተቀይሯል። ምን ቀረው?"

"ዲናሞው ጤነኛ ነው" አለች ቀና ሳትል። "ብዙ ቆሞ እርሾው አልቆበት ነው። መብራት ለመሥራት መጀመሪያ ትንሽ መብራት መቅመስ አለበት። አባቴ ቆሞ የከረመ መኪና ሲመጣለት ከሁሉ በፊት ይህን ነበር የሚያደርግ።"

ከውሰት ባትሪው ቀጭን ሽቦ ሳበች። "ቢስሚላህ" ብላ ጫፉን ከዲናሞው ላይ ነካ አድርጋ አነሳችው። ብልጭ አለ። ሥራው ይኸው ነበር።

"ይህችው ናት?" አለ ሳሊም።

"ይህችው ናት። አስነሱት፣ ጋሽ ክንዴ።"

በውሰት ባትሪው ተነሳ። ረህማ የውሰቱን ፈትታ የራሱን ባትሪ አሰረችለት። ክንዴ የባትሪ መሙላቱን የሚያሳየውን ጌጅ አየ። ሁለት ዓመት ዜሮ ላይ ተኝቶ የኖረው ቀስት ተነስቶ ወደ ቀኝ ሄደና እዚያው ቆመ። እነዚያ ሁሉ ባለሙያዎች ስንት ዕቃ ፈተው ያላገኙትን ይህች ልጅ በአንድ ሽቦ አገኘችው።

"ቀስት ሲወዛወዝ ስንቴ አይቻለሁ" አለ ሳሊም። "ሲያጠፉት እናያለን።"

"እውነቱን ነው" አለች ረህማ። "ባትሪው ይጠጣና ያጠፉታል።"

ሞተሩ ሁለት ሰዓት ያህል ሠራ። ከዚያ "አጥፉት" አለችው። አሁን በራሱ ባትሪ ካልተነሳ ዕጣው የሳሊም መቁረጫ ነው። የክንዴ እጅ ቁልፉ ላይ ቀረ። ረህማን አያት፤ እሷ እቴ፣ መፍቻዎቿን እየጠረገች ሳጥን ውስጥ ትደረድራለች፤ የጨረሰች ሰው ናት። አጠፋው።

ግቢው ጸጥ አለ። ሳሊም ከጎማው ተነስቶ ቆመ።

ክንዴ ቁልፉን አዞረ። ኤንትሬው አንዴ አጓራ፤ ደገመና ተነሳ።

"አልሞት ባይ ተጋዳይ" አለ ሳሊም ራሱን እየነቀነቀ። የመቁረጫውን የጋዝ ሲሊንደር ትከሻው ላይ አወጣና ወደ መኪናው ቀረበ። "ወደ ዳባት ከሆኑ እስቲ ከነዕቃዬ አድርሱኝ።"

ክንዴ ጎንበስ ብሎ በሩን ከውስጥ ከፈተለት።