ጥላሸት

እናት፣ ልጇ ልትታረስ ቤቷ ስትመጣ የምታስተኛበት ክፍል አልነበራትም። ለአንዲት ክፍል የግንባታ ፈቃድ ወረዳ ብትመላለስም «ነገ ተመለሺ» ከሚል ያለፈ መልስ አጣች። በመጨረሻ ለፋሲካ ቢሮው ሲዘጋ ጠብቃ ጓሮዋ ውስጥ በጭቃ አሠራች። አዲስነቱ እንዳያስታውቅባትም ግድግዳውን ጥላሸት ቀባችው፤ ጣራውን የዛገ ቆርቆሮ አለበሰችው።

ዛሬ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት የወረዳው ተቆጣጣሪ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ቆሟል። ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ዘለቀ።

«እማማ፣ ይሄ የጓሮው ክፍል መቼ ተሠራ?»

«ኧረ የጥንት ነው ልጄ! አማቴ ናቸው ያሠሩት፣ ነፍሳቸውን ይማርና።»

ሰውየው ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ፤ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከውስጥ አራሷ ሕፃኑን እሹሩሩ ትላለች። እናት የሰውየውን ፊት ታያለች።

«እውነትዎን ነው» አለ። «በጣም አርጅቷል።»

«ተመስገን!» አለች ሳታስበው።

ሰውየው ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ።

«ክረምቱ ሳይገባ፣ ሊናዱ የደረሱ ቤቶች ይፍረሱ ተብሏል» አለ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ኤክስ እየሳለ። «አራሷን ያስወጡልኝ እማማ፤ ይሄ ሰው ላይ ይወድቃል።»